ከእስር ቤት ሳይመለስ የቀረው ምሳ ዕቃ

ያበሰልኩለትን ሁሉ አንድ ቀን ሳይነቅፍ እየበላ የኖረው ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። በወጣትነቱ የታሰረበት እስር ቤት ሙዚየም ሆኗል ቢሉኝ ከሳሊተ ምሕረት ተነስቼ ሄድኩ።

ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ ታሪኩ ያለው አስጎብኚዋ ባስያዘችኝ ታብሌት ውስጥ ነው። እኔ ስነካው ይጠፋል።

«ማዘር፣ ቀስ ብለው ይንኩት።»

«ቀስ ብዬ ነው የነካሁት» እላታለሁ። ይጠፋል።

በመጨረሻ ስሙን በቀይ ቀለም የጻፍኩበት፣ ስንቅ የማመላልስበት ምሳ ዕቃ ብቅ አለ። ሳይመለስ ቀርቶ «የት ጣልከው?» እያልኩ ዕድሜውን ሙሉ የነዘነዝኩበት ነው።

«መልእክት ተጽፎበት ሊወጣ ሲል ጠባቂዎች ያስቀሩት ነው» አለችኝ።

ወደ ታብሌቱ ጠጋ አልኩ። «እስቲ ገልብጪልኝ» አልኳት።

በጣቷ ገለበጠችው። ከሥሩ በምስማር ተጭሯል፤ ጽሕፈቱ የራሱ ነው።

«ጨው ቀንሺ» ይላል።