ሰባት ቁጥር ማሊያ

በቀደም ሮቤ የልጅነት ጓደኛዬ ሐዋ ቤት ስሄድ ግቢው ውስጥ ሽቦ ላይ አንድ ማሊያ ተሰቅሎ አየሁ። ሰባት ቁጥር። ነፋሱ እጅጌውን ሲያነሳው የሳሙናው ሽታ አፍንጫዬ ደረሰ፤ እኔ ግን ሌላ ሽታ ፈለግኩ፤ የወንድ ልጅ ላብ። ሩጫን የማውቀው በዚያ ሽታ ነው።

ልጅ እያለን ትምህርት ቤታችን የነበረው ለአንድ ቡድን የሚበቃ ማሊያ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም የወንዶች እግር ኳስ ቡድን። እኛ ሴት ሯጮች ኳሱ ሲያልቅ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ላይ እየተቀበልን እንለብስ ነበር። በባሌ ብርድ የሌላ ሰው ላብ መልበስን ያልቀመሰ ሰው፣ ስፖርት ለጤንነት ነው ሲሉት በቀላሉ ያምናል። እያንዳንዳችን ማሊያችንን የሚለብስ ተጫዋች ስለነበረን፣ ሌላው ተመልካች ጎል ሲጠብቅ እኛ ልጁ ጭቃ ላይ እንዳይወድቅ እንጸልይ ነበር። ፈጣኗ ልጅ የምርጡን ተጫዋች ቁጥር ትወስዳለች፤ ክብር መሆኑ ነው። እኔ ዘገምተኛ ስለነበርኩ የተቀያሪ ማሊያ ደረሰኝ፤ ሁልጊዜ ደረቅ። ሽማግሌዎቻችን "የሴት ሩጫ እስከ ወንዝ ነው" ይሉ ነበር። አልተሳሳቱም፤ ከጨዋታ በኋላ ማሊያውን ሁሉ ወንዝ ወርደን የምናጥበው እኛ ነበርን።

ሐዋ ሰባት ቁጥር ነበረች፤ ማለትም የአጥቂያችን የከድር ላብ ወራሽ። ስምንተኛ ክፍል ሳለን ጎባ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር ተደረገ። አንደኛ የወጣች ለክልል ትመረጣለች። አባቷም "ከተመረጥሽ ትምህርትሽንም ሩጫሽንም ቀጥዪ፤ ካልተመረጥሽ ደሎ መና አክስትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ" ብለዋት ነበር። እሷን የምትቀድም ልጅ በሮቤ አልነበረችም።

ከሩጫው በፊት የነበረው የወንዶቹ ኳስ ባዶ ለባዶ አለቀና ተጨማሪ ሰዓት ተባለ። በዚያው መሐል የሴቶች ሩጫ ተጠራ። ሐዋ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆማ ጮኸች።

"ከድሬ! ማሎ፣ እባክህ አውልቅልኝ!"

"እዚሁ ሰው ፊት?" አለ አንዱ ተመልካች። "ኒካሁን እንኳ አትጠብቂም እንዴ?"

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ሐዋ ወደ ስፖርት መምህራችን ሮጠች።

"ቲቸር፣ ይቀየርልኝ። ተጠርተናል።"

"ከድርን? አሁን? አንቺ የምትሮጪው ለራስሽ ነው፤ እሱ የሚጫወተው ለትምህርት ቤቱ ነው።"

የእኔን ማሊያ ከሹራቤ ላይ አውልቄ ሰጠኋት። የሩጫው ዳኛ ቁጥሩ ከስሟ ጋር አይገጥምም ብሎ መለሳት። ሕግ እንዲያ ሲከበር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማሊያዬን መልሼ ለብሼ ሮጥኩ፤ ዞር ስል ሐዋ ከገመዱ ወዲያ ቆማለች። የመጨረሻውን ዙር ስንጀምር ከኳስ ሜዳው ጩኸት ተነሳ። ከድር አግብቷል። ሩጫውን ያሸነፈችው የአጋርፋ ልጅ ናት፤ ከዚያ በፊት ሐዋ በብዙ ርቀት የቀደመቻት።

ከድርን ትከሻ ላይ ተሸክመው አዞሩት። ሲያወርዱት ማሊያውን አውልቆ ለሐዋ ሰጣት፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። "እንቺ፣ ገድ አለው" አላት። ተቀበለችው። ቅዳሜ ከሌሎቹ ጋር ወንዝ ወርዳ አጠበችው። ብዙም ሳትቆይ ደሎ መና ሄደች።

አሁን ሐዋ ሮቤ ውስጥ የማር ሱቅ አላት። ሽቦው ላይ ያለው ማሊያ የልጇ የፎዚያ ነው፤ በማግስቱ ጎባ ላይ ሩጫ ነበራት። ሴቶቹ የራሳቸው ማሊያ አላቸው መባሉን ስሰማ፣ እንደ እኔ ያለው ተጠራጣሪ እንኳ ዘመን ተለወጠ ሊል ምንም አልቀረው። ጠጋ ብዬ ጀርባውን ሳየው ከቁጥሩ በላይ ፊደላት ተልጠው ጥላቸው ቀርቷል። የወንድ ልጅ ስም ነው።

"የወንዶቹ የአምና ነው" አለች ፎዚያ። "ለእነሱ አዲስ ሲገዛ ለእኛ ተሰጠን።"

"እድገት ማለት ይኸው ነው" አልኳት። "በእኛ ጊዜ የዕለቱ ላብ ነበር፤ ለእናንተ የአምናው ደረሳችሁ።"

ፎዚያ ሳቀች። ሐዋ አልሳቀችም። ማሊያውን ጨበጥ አድርጋ መድረቁን አየች፤ ከሽቦው አውርዳ አጠፈችውና ለልጇ ሰጠቻት።

"አሁኑኑ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው" አለቻት። "ለማንም እንዳታውሺ።"