አስካለ በሦስት ሜዳ

ጂንካ ውስጥ የአስካለ ስም ሲነሳ የሚስቁ ሰዎች አሉ። ይሳቁ። ሦስቱንም ግጥሚያ መስመር ዳር ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያላየ ሰው አፉን ዘግቶ ቢያዳምጥ ይሻለዋል።

አስካለ ከጂንካ ወጣ ብሎ ያለው የካኮ ገበሬ ልጅ ናት። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በ1984፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆና ጂንካ መጣችና አንድ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ በልብስ አጣቢነት ተቀጠረች። ዛሬም እዚያው ናት። ኦሞ ደርሶ የሚመለስ ቱሪስት ምን ያህል አቧራ ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቅ ያውቃል፤ አንሶላው፣ ፎጣው፣ ሱሪው፣ ሁሉም በእሷ እጅ አልፎ ነው መልኩን የሚያገኘው። ስትጨምቅ ኖራ ክንዷ የአናጢ ክንድ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ የምትናገረው ግን አንድ ቃል ነው፦ እሺ። እሺ ጌታዬ፣ እሺ እመቤቴ፣ እሺ ለጠዋት ይደርሳል።

እሺ የማትልበት አንድ ቦታ ነበራት፤ እሱም የሻንቆ ዲኤስቲቪ ቤት ነው።

ቴኒስን ያየችው በ1997 ነው። ማረፊያው ሳሎን ውስጥ አዲስ ዲሽ ገብቶ አንድ እንግዳ ቴሌቪዥን ፊት ተተክሏል። አስካለ የታጠፈ ፎጣ ተሸክማ ስታልፍ፣ ፀጉሩ የረዘመ፣ እጅጌ የሌለው ካናቴራ የለበሰ ልጅ ቀይ አፈር ላይ ሲሯሯጥ አየች። ፎጣውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ኳሷን ሲመታት አንሶላ የሚጨምቅ ነው የሚመስለው» ትላለች እስከ ዛሬ። «ክንዱን ጠምዝዞ፣ ጥርሱን ነክሶ። ይኼስ ሥራ ያውቃል አልኩ።»

ልጁ ናዳል ነበር። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ፤ አስካለም የእሱ ሆና ቀረች። ብዙም ሳይቆይ ሻንቆ ቤቱን ሲከፍት በሩ ላይ ቆማ «ቴኒስ አለ?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ሙሉ ወንድ ሳቀ። ሻንቆ ግን የአሪ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፤ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል፣ እሁድ ከሰዓት ኳስ ያሳያል። «ግቢ እቴ፣ ትልልቁን እናሳያለን» አላት። ገብታም የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ያ አግዳሚ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ነው።

ባላንጣዋ ዓባይነህ ነው። ዓባይነህ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፣ ጂንካ ውስጥ የፈሰሰው ሲሚንቶ ግማሹ ከእሱ የተገዛ ነው። ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ አንድ ክለብ ውስጥ የቴኒስ ኳስ ሲለቅም አድጓል፤ በዚያው መጫወት ተማረ። ከመካከላችን ራኬት የጨበጠ እሱ ብቻ ስለነበር ይህንኑ በየሳምንቱ ይነግረናል። የፌደረር ደጋፊ ነው። «ሰውዬው ላብ የለውም፤ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ገብቶ እንደተተኮሰ ይወጣል» ይላል።

«ላብ የሌለውን ሰው እኔ አላምንም» ትላለች አስካለ።

እኔ የጆኮቪች ነኝ። ስለዚህ ሁለቱም ይንቁኛል፤ እኔም ለማንም አላደላም።

ክርክራቸው መሬት ላይ ነበር። ዓባይነህ የቴኒስ እናት ሣር ነው ይላል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ለማንም ስለማያዳላ እውነተኛው ዳኛ እሱ ነው፤ አፈር ኳሷን ስለሚይዛት ለሯጭ እንጂ ለተጫዋች አይሆንም። አስካለ ብድግ ትላለች። «የኔ ሰው በ2000 ለንደን ሄዶ ያንተን ሰው በገዛ ሣሩ ላይ አላሸነፈውም? ያንተ ሰው ፓሪስ ላይ አንድ ቀን እንኳ ናዳልን አሸንፏል?» ዓባይነህ፣ ፌደረር በ2001 ፓሪስን ወስዷል ይላል። «ናዳል ቀድሞ በወደቀበት! ባለቤቱ የሌለበት ቤት መግባት ጀግንነት ነው?» ቤቱ ይናጋል። ቀይ አፈር ከምትባለው ከተማ የመጡ ሹፌሮች ናዳል የሰፈራችን ልጅ ነው እያሉ ያጨበጭባሉ። እውነቱን ልናገር፣ ኳስ ሊያዩ መጥተው እነሱን ሰምተው የሚሄዱ ነበሩ።

ነገሩ የከረረው በግንቦት 2016 ነው። ናዳል አርጅቶ፣ ተጎድቶ፣ ፓሪስ ላይ ገና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። አስካለ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ዓባይነህ አላለፋትም።

«እንግዲህ አፈሩም ከዳው። አንቺም ከዛሬ ወዲያ ዕረፊ፤ ራኬት ጨብጠሽ የማታውቂ ሴት ይኼን ሁሉ ዓመት አደነቆርሽን።»

አስካለ ቀስ ብላ ተነሳች።

«እንጫወት» አለች።

«ምን?»

«እንጫወት አልኩህ። በሲሚንቶህም፣ በአፈርም፣ በሣርም። ሁለቱን ያሸነፈ ይናገራል። የተሸነፈ እዚህ ቤት ውስጥ ዝም ይላል፤ ሜዳ ላይ እስኪያሸንፍ ድረስ።»

ሁላችንም የሳቅን ይመስለኛል። ዓባይነህ ግን ከቤቱ ሁለት ራኬት አምጥቶ አንዱን ወረወረላት። «ውሰጂ፣ ተለማመጂ። በኋላ ሰበብ እንዳታመጪ።» ለእሱ ጨዋታ ነበር። ለእሷ ግን አልነበረም፤ እዚያ አግዳሚ ላይ መናገር ከተከለከለች የሚቀራት እሺ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ሆነ፤ ሲሚንቶውንም የሸጠው ዓባይነህ ነው። መረቡ ሻንቆ ከኦሞራቴ ያስመጣው የዓሣ መረብ ነበር። ዓባይነህ ነጭ የቴኒስ ጫማ አድርጎ መጣ፤ አስካለ በኮንጎ ጫማዋ። ኮንጎ ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል፤ ሁለቴ በጉልበቷ ወደቀች። ስድስት ለባዶ ተሸነፈች። ሰው ሲስቅ ጉልበቷን በምራቋ ጠርጋ «አንድ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ክረምቱን ሙሉ ከማረፊያው ጓሮ ግድግዳ ጋር ተጫወተች። አንሶላውን ታሰጣለች፣ እስኪደርቅ ግድግዳውን ትደበድባለች። እንግዶቹ ድምፁ ረበሸን ብለው ሲናገሩ እሺ ትላለች፤ ወጣ ሲሉ ትቀጥላለች።

አፈሩን የመረጠችው እሷ ናት። ጥር ላይ ካኮ ወሰደችን፣ የአጎቷ የጋሼ ወልደ ጊዮርጊስ አውድማ ላይ። እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፤ አውድማው በእበት ተለቅልቆ፣ ፀሐይ አድርቆት፣ እንደ ገበታ ተስተካክሏል። ጠበብ ስለሚል መስመሩን አሳጠርነው። ዓባይነህ ነጭ ጫማውን አጥብቆ አስሮ ሊገባ ሲል ሽማግሌው በትራቸውን ፊቱ ዘረጉ።

«ወዴት ነው?»

«ልንጫወት ነው አባቴ፤ ፈቅደዋል እኮ።»

«ተጫወቱ ብያለሁ። አውድማ ግን በጫማ አይረገጥም። እህል የምንቀበልበት ነው።»

ዓባይነህ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን ላድርግ? የራሴን አውልቄ ቆሜአለሁ። አስካለ ኮንጎዋን ከአውድማው ውጭ አስቀምጣ ቀድማ ገብታለች። ከተማ ያለሰለሰው እግሩ ገለባና ጠጠር በነካው ቁጥር ዓባይነህ ይዘላል፤ እሷ በልጅነቷ የሮጠችበት መሬት ነው። ኳሷን ወዲህ ወዲያ ስትልክበት፣ ክንዷን ጠምዝዛ ስትመታት፣ እኔ የጆኮቪቹ ሰውዬ ጮህኩ። ስድስት ለሁለት አሸነፈች።

«ጫማዬን አስወልቀሽ ነው!» አለ ዓባይነህ፣ ተረከዙን እያሸ።

«እኔ ሲሚንቶህ ላይ ስወድቅ ስለ ጫማ አንስቻለሁ?»

ወደ ጂንካ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ከተረከዙ ገለባ ሲለቅም መጣ።

የቀረው ሣር ነው። መጋቢት ላይ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ተገናኙ፤ አውሮፕላኑ ወደ አዲሱ ከሄደ ወዲህ ሜዳው ለከብትና ለኳስ ቀርቷል። መስመሩን በአመድ አሰመርን። ግማሽ ከተማ ወጣ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም፣ ምክንያቱም ሴትዮዋ መጫወት ችላለች። አምስት ለአምስት ሆኑ። ዓባይነህ ስድስት ለአምስት መራ፤ ሊያሸንፍ አንድ ነጥብ ቀረው። አስካለ ባላት ኃይል ወደ ጥጉ መታች፤ ዓባይነህ ተንሸራቶ በግንባሩ ተደፋ። ኳሷ አመዱ አጠገብ አረፈች። ዳኛው ሻንቆ ነው፤ በዚያችው ሰዓት አንዲት ላም በመካከል አቋርጣበት አላየም። እኔም ከማዶ ነበርኩ፣ አላየሁም። ሰው ሁሉ «ውስጥ! ውስጥ!» ብሎ ጮኸ።

«ውጭ ናት» አለች አስካለ።

«እርግጠኛ ነሽ እቴ?» አለ ሻንቆ።

«አየኋት እኮ። ውጭ ናት።»

እንዴት እንደተናደድኩባት! ማን ጠየቃት? እሷ ግን በገዛ አፏ ሰባት ለአምስት ተሸንፋ፣ ራኬቱን በብብቷ ይዛ ወደ ማጠቢያዋ ሄደች። አግዳሚዋ ላይ መቀመጧን አልተወችም፤ አፏን ግን ዘጋች። እንዲህ ያለ ዝምታ አይቼ አላውቅም። ናዳል በኅዳር ራኬቱን ሰቅሏል፣ ፌደረርም ካቆመ ቆይቷል፤ ዓባይነህ ጣሊያናዊውን ሲነርን ይዞ ብቻውን ይለፈልፋል። «ሣር ላይም ሲሚንቶ ላይም የሚያቆመው የለም!» ይልና ወደ አግዳሚዋ ዘወር ይላል። መልስ የለም። ትንሽ ቆይቶ እሱም ዝም ማለት ጀመረ። በድጋሚ ግጠማት ስንለው «ጉልበቴን አሞኛል» ይላል። መሸሹ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ሰኔ 1 ቀን 2017 እሁድ፣ የፓሪስ ፍጻሜ። ሲነር ከናዳል አገር ልጅ፣ ከስፔናዊው አልካራዝ ጋር። አስካለ ለማን እንደሆነች መናገር አያስፈልጋትም፣ ሲመሽ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ሲነር ከአምስቱ የጨዋታ ክፍል ሁለት ለአንድ ይመራል፤ በአራተኛውም አምስት ለሦስት፤ ዋንጫ ለማንሳት ሦስት ዕድል በተከታታይ አገኘ። ከሦስቱ አንዷ ትበቃዋለች።

«አለቀ!» አለ ዓባይነህ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ሻንቆ ሪሞቱን አነሳ።

አስካለም ተነሳች። አግዳሚዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ወስዳ በሩ ላይ አጋደመችው፤ ከዚያም እጇን አጣጥፋ ተቀመጠችበት። መውጫ የለም።

«አንቺ ሴትዮ፣ አሳልፊን እንጂ!»

በጣቷ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተች። ዞር አልን። አልካራዝ አንደኛዋን ዕድል አከሸፋት። ሁለተኛዋን አከሸፋት። ሦስተኛዋንም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያየው ነው፤ አልካራዝ ተነስቶ ዋንጫውን ወሰደ፣ በሩ ላይ የነበረውም አግዳሚ ተረሳ። ሰው እየተቃቀፈ ሲዘል አስካለ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ድምፅ ግን አላወጣችም።

ዓባይነህ ሄዶ ፊቷ ቆመ። ሰውዬውን ክፉ አድርጌ ስዬው ከሆነ ይህንንም ልጨምር፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«አስካለ፣ በቃ ተናገሪ። ፈትቼሻለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። እምቢ። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥታ፣ ሻንቆ የዕለቱን ጨዋታ የሚጽፍበትን ጥቁር ሰሌዳ በነጠላዋ ጠረገችና ጠመኔውን አንስታ ጻፈች፦

«ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት። አስካለ ከዓባይነህ። ሣር።»

ሻንቆ ሳምንቱን ሙሉ አላጠፋውም፤ የኳሱን ፕሮግራም ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ጻፈ። ዓባይነህ ሲሚንቶ በሸጠ ቁጥር ገዢው «ቅዳሜ እንዴት ነው?» ይለዋል። ጉልበቱን መጥቀስ ተወ።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌው ሜዳ ላይ ሰው ዙሪያውን ከቧል። ሣሩ ሌሊት በጣለው ዝናብ ርሷል። አስካለ ኮንጎዋን አድርጋ መረቡ አጠገብ ቆማለች። ዓባይነህ መጣ፤ ነጭ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በባዶ እግሩ። ሰው አጉረመረመ። የጫማ ብልጫ አልፈልግም፣ ዛሬ እኩል እንሁን ማለቱ ነበር፤ ሁላችንም ገብቶናል፣ እኔማ ልቤ ተነካ።

አስካለ እግሩን አየችው። ጫማውን አየችው። ከመጋቢት ጀምሮ ስለ ቴኒስ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው፦

«ጫማህን አድርግ። በኋላ ሰበብ እንዳታመጣ።»