ሽባባው ፎቶ አልነበረውም

ዳንግላ ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ አያሌው ከስፌት መኪናው ላይ ጨርቅ የሚጫነውን እግር ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት። ጨርቁን ከሥር የሚስቡትን ጥርሶችም ዝቅ አደረጉ። "ከእንግዲህ ጨርቁን የሚነዳው እጅሽ ነው" አሉኝ። ገና ስገፋው መርፌው ጣቴን በሳኝ። "እሰይ! አሁን ተመዘገብሽ" ብለው ሳቁ። አናደዱኝ።

ጨርቅ ላይ በእርሳስ የተነደፈ ፊት በክር መሙላት ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ጥላው በጠቆረ ክር፣ ግንባሩ በፈካ፤ ዓይን መጨረሻ ነው። እንጅባራ የራሴን ሱቅ ስከፍት የሙሽራና የተመራቂ ፊት እሰፋለሁ ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የሚመጣልኝ የሟች ሆነ።

እትዬ የሺ ከዘንገና የመጡት ከትንሹ ልጃቸው ከይርጋ ጋር ነው። የታላቁ የሽባባው መርዶ ተነግሯቸዋል፤ ሬሳው ግን አልመጣም። ለቅሶው መሀል የሚቆም ምስል ፈለጉ።

"ፎቶውን ይስጡኝ፣ እትዬ።"

"የምን ፎቶ፣ ልጄ? ስልኩም መታወቂያውም ከሱው ጋር ቀረ።"

ያኔ አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አንጀቴን በሉት። ይርጋም "ቁርጥ እሱን ነኝ፤ እኔን እያዩ ይስፉት" አለኝ።

ሦስት ቀን ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እናቱ እንደነገሩኝ ጉንጩን አወፈርሁ፣ ጢም ጨመርሁ። ዓይኑን ግን እንዳለ ከይርጋ ወሰድሁ። ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ሆነ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁበት። እትዬ የሺ እንባ ጋርዷቸው በደንብ ሳያዩት ጠቅልለው ወሰዱት።

ለቅሶው ላይ እኔም ነበርሁ። ምስሉ ሲገለጥ ሙሾ አውራጇ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከኋላ አንዲት ሴት "ውይ በሞትሁት! ይርጋም ሞተ እንዴ?" ብላ ጮኸች። ድንኳኑ ሁሉ ተቀብሏት ጮኸ። ይርጋ የውሃ ጆግ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

እናቱ ተነሥተው ምስሉን በነጠላቸው ሸፈኑት።

"በቀረኝ ልጄ ላይ በቁሙ አስለቀስሽበት" አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይርጋ ደኅና ነው፤ እዚሁ እንጅባራ ባጃጅ ይነዳል። እናቱ ግን ቀኑን ሙሉ ይደውሉለታል። ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ከዘንገና በእግራቸው መጥተው በዓይናቸው አይተውት ይመለሳሉ። በሱቄ ደጅ ሲያልፉ ሰላም አይሉኝም።

ምስሉን መልሰው ልከውልኛል። ማቃጠሉም መተርተሩም አልሆነልኝም፤ የሕያው ሰው ዓይን ነው። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ፎቶ ከሌለ ፊት አልሰፋም። የሟቻችሁን ልብስ አውጡና አልቅሱበት እላቸዋለሁ።