ፐርል የነከሰችኝ የፋሲካ ዕለት

መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ሮይ፣ ቤድፎርድ ከተማ ያለውን ቤቱን ከፍሎ ያከራየን፣ ፋርመርስ ብራንች በሚባል ከተማ እኔ በምሠራበት መጋዘን ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ የሚነዳ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ነው። ብርሃኑ ከእኔ ጋር የኋላውን ሁለት ክፍል የተከራየ ቀልደኛ የጎንደር ልጅ ነው። እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከአስረኛ ክፍል በላይ ያለውን ትምህርት መጽሐፍ እየተዋስኩ በራሴ የተማርኩ፣ ስለዚህም ሁሉን ያወቅሁ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ። አራተኛዋ ፐርል ናት። ሰው አይደለችም፤ የሮይ ዘንዶ ናት።

ይህን ያስታወሰችኝ ልጄ ሶስና ናት። ባለፈው ቅዳሜ ፕሌኖ ባለው ቤታችን ወደ ክፍሏ ስገባ የእባቧን የመስታወት ሳጥን ስታጸዳ አገኘኋት። እባቧን የፈቀድኩላት ከአንድ ዓመት ክርክር በኋላ ነው፤ አምኜበት ሳይሆን ደክሞኝ።

"አባዬ፣ ሶ ፈርስት በዚህ ነካ ታደርጋታለህ" አለችኝ እንደ ልማዷ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች፣ ረጅም መንጠቆ እያሳየችኝ። "ከዛ ምግብ እንዳልመጣ ታውቃለች።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

"እንዴት ታውቃለህ?"

ሳምንቱን ሙሉ ስሠራ ከርሜ ነበርና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሃያ አራት ዓመት በሞላኝ ዓመት ሮይ ጉልበቱን ሊታከም ሂዩስተን ልጁ ዘንድ ለሁለት ወር ሄደ። ፐርልን ለእኔ አደራ ሲሰጠኝ ሳጥኗ ክዳን ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈ። ከማጽዳትህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ንጹሕ ቢመስልህም ታጠብ። መጀመሪያ በመንጠቆው ንካት። በበላች በሁለት ቀን ውስጥ አትንካት። "አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ ሰው ነክሳ አታውቅም" አለኝ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ከመጋዘን ስመለስ ሽሮዬን እበላለሁ፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳጥኗን አጸዳለሁ። ፐርል ተጠቅልላ ታየኛለች እንጂ አትነቃነቅም። በሦስተኛው ሳምንት መንጠቆውን ተውኩት። ያከበረችኝ መሰለኝ። ብርሃኑን ሳህኑን አላጠበም ብዬ እቆጣው የነበረውም በዚያው ሰሞን ነው። ለሌላው ሕግ የሚያወጣ ሰው ራሱን ከሕጉ የሚያወጣው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው።

የፋሲካ ዕለት ከፎርት ወርዝ ወዲያ ካለ የከብት እርባታ ስምንት ሆነን ቅርጫ ገባን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር የመንገዱ ዳር በሰማያዊ አበባ ተሸፍኗል። ከሰዓት በኋላ ድርሻችንን ይዘን ተመለስን። ታላቅ ከሚባለው ብልት እየቆረጥን በአዋዜ ጥሬውን በላን፤ ከሁለት ወር ጾም በኋላ ጣዕሙ ሌላ ነው። ከዚያ እጄን በወረቀት ጠረግሁና ተነሣሁ።

"ወዴት?" አለኝ ብርሃኑ።

"ሳጥኑን ላጸዳ። ቀኑ ዛሬ ነው።"

"አንተ ሰው፣ በዓል እኮ ነው። ነገ ብታጸዳው አትሞትም።"

"ሥራ በዓል አያውቅም" አልኩት።

እጄን እንዳስገባሁ አየሩን ስታሸት ምላሷ ሲወጣና ሲገባ አየሁ። ከዚያ ወዲያ ያየሁት የለም። መዳፌን ይዛ እስከ ክንዴ ተጠመጠመችብኝ። ብርሃኑ እየሮጠ መጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያፈስባት ለቀቀችኝ፤ እኔ ግን ቀድሜ እጄን መንጭቄ ስለነበር ጥርሷ ተሰብሮ ሥጋዬ ውስጥ ቀረ። ክሊኒክ ሄደን አወጡልኝ።

"አትፍረድባት" አለኝ ብርሃኑ መኪና ውስጥ። "እሷም ጾሟን ፈታች።"

አልሳቅሁም።

ሮይ በከዘራ እየተደገፈ ሲመለስ በፋሻ የታሰረውን እጄን አየ።

"ታጥበህ ነበር?"

"አዎ።"

"በመንጠቆው ነካሃት?"

"አዎ።"

ብርሃኑ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሮይ በጋውን የልጅ ልጁ እሱ ዘንድ ልትከርም እንደምትመጣ ነገረን። "ያለ ምክንያት የምትናከስ ከሆነ ከሕፃን ጋር አላኖራትም" አለ። ምክንያቷ በእጄ ላይ የነበረው የሥጋ ሽታ መሆኑን ማወቅ የምንችለው እኔና ብርሃኑ ብቻ ነበርን።

"አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገረው?" አለኝ ብርሃኑ ማታ።

"እኔ እነግረዋለሁ" አልኩት። አልነገርኩትም። ነገ እያልኩ ሳምንት ሆነ። በሳምንቱ አንድ የማናውቀው ሰው ፐርልን ሊወስዳት ከኦክላሆማ መጣ፤ ሳጥኑን ተሸክሜ መኪናው ላይ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ሮይ ግቢው ውስጥ ቆሞ መኪናው እስኪታጠፍ ተመለከተ። ብርሃኑ ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቤት ፈልጎ ወጣ። ሮይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፈ።

ይህን ሁሉ ለሶስና ነገርኳት። ዋሸሽ ብዬ ስልኳን የነጠቅኋት ልጅ ናት።

"ሶ፣ ፈርተህ ነው?" አለችኝ።

"ቤት እንዳያስወጣኝ ፈርቼ መስሎኝ ነበር" አልኳት። "አይደለም። ስንፍናዬን ብርሃኑ ፊት ማመን አቃተኝ።"

እሷ የውኃ ሳህኑን መለሰችና ክዳኑን ገጠመች። እኔም ሒሳቡን ደመርኩት። ፐርል ቤቷን አጣች። ሮይ የአሥራ አንድ ዓመት ጓደኛውን አጣ፤ ያጣትም ክፉ ናት ብሎ ነው። ብርሃኑ እኔን ማመን ተወ። በገንዘብ ከሆነ ክሊኒኩ ያስከፈለው ሰማንያ አምስት ዶላር ነበር። እሱንም ጥፋቱ የእባቤ ነው ብሎ የሰጠኝ ሮይ ነው፤ ተቀበልኩት።