ደክሞኛል ያለችው ሲስተር

ቡአዬን ለዓመታት በቀበቶ አስሬ ኖርኩ። ልጆቼ ታከም ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ሕመሙ ሲያጎብጠኝ ግን ከሺሺንዳ መኪና ተሳፍሬ ቦንጋ ሆስፒታል ሄድኩ።

ኦፕራሲዮን ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየኋት አንዲት ነርስ ናት። ግድግዳ ተደግፋ፣ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ቆሞ የሚተኛ በቅሎ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ይቺ ተኝታለች፤ እኔን እንዳትነካኝ!» አልኩ።

ዓይኗን ገለጠች። ትቆጣለች ስል፣ «እውነትዎን ነው አባባ፣ ደክሞኛል። ምጥ የጸናባት እናት ከደካ መጥታ፣ ስንሮጥ ነው ያደርነው» አለች።

«ታዲያ ሌላ ሰው የለም?»

«አለች፤ ይቻት። እሷም አብራኝ ነው ያደረችው።»

ሌላዋ ነርስ ሳቀች። «አባባ፣ እኛን ካልፈለጉ ቀበቶዎን ታጥቀው ይመለሱ!»

እኛ ቀፎ ልንሰቅል ረጅም ዛፍ የምንወጣ ሰዎች ደክሞኛል አንልም። ደክሞኛል ያለ ሰው ከታች ባሉት ይሳቅበታል። ሳይናገር ወጥቶ የወደቀ ጎረቤት ቀብሬአለሁ። ይቺ ልጅ ግን ዶክተሩ እየሰማ፣ እኔ ሆዴን ላስቀድድ በተጋደምኩበት፣ ሳታፍር ተናገረችው። እሺ አልኩ።

ወገቤን በመርፌ አደነዘዙኝ፤ ከዚያ በታች ያለው የእኔ አልመስል አለኝ። ፊቴ ላይ ጨርቅ ጋርደዋል፤ ጆሮዬ ግን ይሰማል። ዶክተሩ ሊሰፋኝ ሲል ደክሞኛል ያለችው ሲስተር ጎዝ መቁጠር ጀመረች። ጎዝ ማለት ደም የሚጠርጉበት ስስ ጨርቅ ነው፤ የገባው ሁሉ ሳይወጣ ሰው አይሰፋም። ቆጥራ ስትጨርስ «ሙሉ ነው» አለች።

ወዲያው ደግሞ፣ «ቆይ ዶክተር! አፌ ከእጄ የቀደመ መሰለኝ። ደክሞኛል፤ ራሴን አላመንኩትም» አለች። ጓደኛዋን ጠራች። «ነይማ፣ አንቺ በእጅሽ እየለየሽ አሳዪኝ፣ እኔ ልቁጠር።»

እንደ አዲስ ቆጠሩ። አንድ ጎደለ።

የጎደለው እኔ ውስጥ ቢሆንስ? ያገለገለው የሚጣልበት ባልዲ ታየ፣ ወለሉ ታየ፤ የለም። ዶክተሩ የከፈተውን ቦታ እንደገና ይፈልግ ጀመር። ቆይቶ፣ «ይኸው፣ እዚህ ተወሽቃለች» አለ።

«ተመስገን» አለች ሲስተሯ።

ዛፍ ጫፍ ላይ ሆኜ ጫካውን ቁልቁል ሳየው የሚይዘኝ ነገር ያዘኝ፤ ፍርሃት ይሁን መገረም ለይቼ አላውቀውም። ሙሉ ነው ካለች በኋላ ማን ይጠይቃት ነበር? ማንም። ሰው ቃሉን ላለማጠፍ ስንት ነገር ያጠፋል! እሷ ግን የራሷን ቃል በራሷ አፍ አጠፈች፤ እኔም ተረፍኩ።

ተሰፍቼ ስወጣ ልመርቃት አንገቴን አዞርኩ። ቧንቧው ጋ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ትታጠባለች። ከቢታ ገነት ሌላ በሽተኛ መጥቷል አሉ።

«ልጄ፣ ትንሽ አረፍ አትይም?» አልኳት።

«እርስዎ ይረፉልኝ አባባ» አለችና በሩን በጀርባዋ ገፍታ ገባች። ምርቃቱ አፌ ላይ ቀረ።