አንድ ሰው ብቻ የቀረው መኪና

በሌላ አገር ባቡር ሲዘገይ በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ይጠየቃል፤ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። እኛ ዘንድ ባቡር የለም፤ ይቅርታም የለም። ከቆሰበር ዳንግላ የሚወስደን ሚኒባስ ነው። እሱ ደግሞ የመነሻ ሰዓት ስለሌለው አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም፤ ሲሞላ ይነሳል። የምንዘገየው እኛ ነን።

እኔ ቆሰበር እያደርሁ ዳንግላ የምሠራ ሰው ነኝ። ከመሥሪያ ቤቴ ይልቅ መናኸሪያ የተቀመጥሁበት ጊዜ ይበልጣል ብል ብዙም አልዋሸሁ። ስለዚህ ዘዴውን ተምሬዋለሁ። ረዳቱ «ዳንግላ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሲጣራ ሮጬ አልገባም፤ መጀመሪያ በመስኮት አያለሁ። መኪናው የሞላ እንዲመስል ሻይ እየተጋበዙ የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። እውነተኛ ተሳፋሪ በመጣ ቁጥር እየተነሱ ይወርዳሉ። እነሱን መለየት ቀላል ነው፤ ዕቃ አይዙም፤ አይቸኩሉም፤ ስለ ታሪፍም አይጨቃጨቁም።

ያን ዕለት ጠዋት ጉሙ ገና አልተገለጠም ነበር። በመስኮት ሳይ መሀል ወንበር ላይ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን በጭናቸው አቅፈዋል። ማር ናት፤ ሽታዋ ከበሩ ይቀበላል። ማር አቅፎ ለማስመሰል የሚቀመጥ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። የቀረው አንድ ሰው እኔ ነበርሁ፤ እኔ ስገባ ግን ከበሩ አጠገብ ሦስት ጎረምሶች ወረዱ።

መኪናው ውስጥ ትንፋሽ ታምቋል። መስኮቱን ገርበብ ባደርገው ከኋላ ወንበር አንዲት ወፍራም ኩታ የደረቡ ሴትዮ «ንፋስ! ኧረ ንፋስ! ልትፈጂን ነው እንዴ?» ብለው ጮኹ። በአገራችን መኪና ውስጥ መስኮት ከሚከፍት ሰው ኪስ የሚያወልቅ ይሻላል፤ እሱን ቢያንስ የሚያዝንለት አይጠፋም። ዘጋሁት።

«መቼ ነው የምንነሳው?» አልሁት ረዳቱን።

«አሁን ነው እህቴ። ቀስ በቀስ ነው።»

«በዚህ አያያዝማ እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ ከእኛ ቀድሞ ዳንግላ ይገባል።»

ሽማግሌው ሳቁ። ወሬ የጀመርነው እንዲህ ነው።

«ለምን ጉዳይ ነው እንዲህ የምትቸኩዪ፣ ልጄ?»

«ለሥራ ነው አባቴ። እርስዎስ?»

«ክርስትና ነው። ልጄ ዳንግላ ነው ያገባች። ዛሬ ሴቷ ልጇ ክርስትና ትነሳለች።»

«እንኳን ደስ ያለዎት። የመጀመሪያዋ ናት?»

«የለም፤ ታላቋ ወንድ ነው። የሱን ክርስትና ሳልደርስ ቀረሁ። መኪናው አልሞላ ብሎኝ።»

አያትን ከልጅ ልጁ የሚለያይ ትራንስፖርት ብዬ ጀመርሁና ረዳቱን፣ ሾፌሩን፣ መናኸሪያውን ሁሉ እያነሳሁ ጣልሁ። ከኋላ ያሉት ሴትዮ እንኳ ንፋሱን ለአፍታ ይቅር ብለውኝ «እውነቷን ነው!» አሉ። ሽማግሌው ብቻ አንገታቸውን ደፍተው የጀሪካኗን ክዳን ያጠባብቁ ነበር።

በዚህ መሀል ስልካቸው ጮኸ። በአዊኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት፤ ከሁለቱ አንዱን የማያውቅ ሰው መኪናው ውስጥ ስላልነበረ ሁላችንም በሚገባ ሰማን።

«ተሳፍሬያለሁ እኮ ልጄ! መኪና ውስጥ ነኝ። አንድ ሰው ነው የቀረው።»

«ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው የሚቀረው፣ አባዬ» የሚል የሴት ድምፅ ከስልኩ አመለጠ። «እንግዳው ሁሉ መጥቷል። እርስዎን ነው የምንጠብቀው።»

ስልኩን ዘግተው፣ የኋላ ወንበር እንኳ እየሰማ ነገሩኝ። ልጅቱ እሳቸው ያልወደዱትን ሰው አገባች። በዚያ ቀን በሰው ፊት «እግሬ ደጃፍሽን ቢረግጥ!» ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲህ የአገር ሽማግሌ ገብቶ አስታርቋቸዋል፤ እሷም እሳቸውም ይቅር ተባብለዋል።

«ልቤ ታርቋል። እግሬ ነው እንቢ ያለኝ» አሉ።

እኔ የእርጅና ነገር መስሎኝ ቁርጥማት ነው፣ ፀበል ይሞክሩ ብዬ አጽናናኋቸው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ደልዳላ ሰውዬ የከሰል ጆንያ ጣሪያ ላይ አስጭኖ መጣ። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ በቃ ይውረዱ። ሞልቷል» አላቸው።

ሽማግሌው ለምን ብለው አልጠየቁም፤ እንደለመደ ሰው ብድግ አሉ። ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ የምኮራበት ዘዴዬ በአንዲት ጀሪካን ማር ተበላሸ። እኚህ ሰው ዳንግላ የሚሄድ መኪና ውስጥ ሲቀመጡ ይውላሉ። ልጃቸው ስትደውል «መኪና ውስጥ ነኝ» ይሏታል፤ አልዋሹም። ከዚያ ይወርዳሉ።

ማሩን ጭኔ ላይ አኖሩት። «መናኸሪያ መጥታ ትቀበልሻለች፤ እደውልላታለሁ። አባትሽ የተሳፈሩበት መኪና አልሞላም በያት።»

ንዴቴ ገነፈለ። «ማሩን በእኔ ላኩት፤ እሺ። እግርዎንስ በማን ሊልኩት ነው?»

እሳቸው ወርደው በሩ አጠገብ ቆሙ። ባለ ከሰሉ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ጀሪካኗን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኋት።

«ሰው አለው» አልሁ።

«የታለ ሰውየው?»

«ማሩን አታይም? ባለቤቱ ይመጣል።»

ሰውዬው ተቆጣ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ረዳቱ «እህቴ፣ ስትቸኩዪ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ። በሕይወቴ መኪና ሳዘገይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም የሞላ መኪና።

ያዳኑኝ የኋላዋ ሴትዮ ናቸው። «አባቴ፣ ይግቡ እንጂ! የማሉት በእግርዎ ነው፤ የሚሄደው መኪናው ነው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አዝለው ያስገቡዎታል!» ብለው ጮኹ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌውም ፈገግ አሉ፤ ግን ወዲያው አልገቡም። አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ጀሪካኗን አንስተው ተቀመጡ። ረዳቱ ለባለ ከሰሉ ከወንበር ሥር በርጩማ ጎትቶ አወጣለት፤ አንድ ሰው ቀረው የተባለው መኪና አንድ ሰው ተርፎት ተነሳ። ሒሳብ ሲሰበሰብም ረዳቱ ሽማግሌውን እንዳላየ አለፋቸው፤ ለካ የሥራ ባልደረባው ናቸው።

ከተማውን ለቅቀን ወደ አዲስ ቅዳም ስንቃረብ ስልኩ እንደገና ጮኸ። አይተውት አይተውት ለእኔ ሰጡኝ።

«አንቺ ንገሪያት። እኔን አታምነኝም።»

«አባትሽ እየመጡ ነው» አልኋት። «አብሬያቸው የተሳፈርሁ ነኝ።»

«መኪናው ሞላ?»

«ሞላ። ተርፎም ፈሷል።»

«እና እየሄደ ነው?»

«እየሄደ ነው።»

«እስኪ መስኮቱን ክፈቺና አሰሚኝ» አለች።

መስኮቱን እስከ ጥግ ከፈትሁና ስልኩን ወደ ውጭ አወጣሁት። የጠዋቱ ብርድ እያፏጨ ገባ፤ የሽማግሌውን ጋቢ አራገበው፤ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። ሴትዮዋ ኩታቸውን ጆሯቸው ድረስ ሳቡ። «ንፋስ» ያለ ሰው አልነበረም።