አሰበ ተፈሪ ላይ ያሳደሩኝ ሽማግሌዎች

ድሬዳዋ፣ ጎህ ሲቀድ

የአውቶቡሱ ሾፌር ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ዞር ብሎ አየኝ። ስንፈታ የሰጡኝ አዲስ ሱሪ ስለሰፋኝ በሲባጎ አስሬዋለሁ። ሻንጣ የለኝም።

«ከሶማሊያ ከመጡት ምርኮኞች ነህ?»

«አዎ።»

«በል ና፣ ከፊት ተቀመጥ። ሂሳብ ምናምን እንዳትለኝ።»

ወቅቱ የ1980 ክረምት ነው። ጦርነቱ ላይ ስማረክ ገና ጎረምሳ ነበርኩ፤ አሥር ዓመት ታስሬ ስፈታ ጢሜ ሸብቷል። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያለችኝ እናቴ ብቻ ናት። ገለምሶ ትቻት ከሄድኩ ወዲህ ስለ እሷ ምንም አልሰማሁም። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። እስር ቤት ሆኜ እግዜርን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ እስክደርስ እንዲያቆይልኝ።

ሂርና፣ ረፋዱ ላይ

መንገዱ ከደንገጎ አቀበት ጀምሮ ሲጠማዘዝ ነው ያረፈደው። በግራም በቀኝም ማሽላው ለምልሟል፣ ጫቱ በእርከን በእርከን ተደርድሯል፤ ዓይኔ አረንጓዴ ማየት ረስቶ ኖሮ እንባ አስቸገረኝ። ቁልቢ ስንደርስ ሾፌሩ መኪናውን አቀዝቅዞ ተሳለመ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ደግሞ ብርቱካን እያቀበሉኝ «አልሐምዱሊላህ በል፣ ልጄ» አሉኝ። ሁለቱንም አደረግኩ። ምስጋና ቢበዛ ማን ይጎዳል?

ሂርና ላይ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃ አዘዝኩ። ደገምኩ። ሠለስኩ። ባለቤቷ ጣሳውን እየሞላች «ይሄ ሰውዬ ድስቱን ይዞብኝ ሊሄድ ነው!» ብላ ቤቱን አሳቀችው። ሂሳብ እሷም አልተቀበለችኝም።

አሰበ ተፈሪ፣ ከሰዓት በኋላ

መናኸሪያው ጭቃ ነው። ጭቃውንም ወደድኩት። ገና ስወርድ «ገለምሶ! ገለምሶ! የሞላ!» የሚል ረዳት ሰማሁና ወደ ላንድሮቨሩ ስሮጥ አንድ ሰው ክንዴን ለቀም አደረገኝ። ጋሽ አደም ናቸው። የጫት ነጋዴና የአባቴ የልብ ወዳጅ፤ ገለምሶ ሲመጡ እኛ ቤት ሳይበሉ የማይሄዱ።

«ያ ረቢ! ታደሰ! አንተ ነህ?» አቅፈውኝ አለቀሱ።

«እናቴስ፣ ጋሽ አደም?»

መሬት መሬት አዩ። «አካም ጅርታ፣ ደህና ነህ ልጄ? ከስተሃል። መጀመሪያ እህል ቅመስ።»

«እናቴ ደህና ናት ወይ?»

«እህል ሳትቀምስ ወሬ የለም። ደግሞ ዛሬ ወደ ገለምሶ መኪና የለም።»

«ይሄስ?» አልኩ ላንድሮቨሩን እያሳየሁ።

«ይሄማ... ፍሬኑ አያስተማምንም።»

ፍሬኑ በማያስተማምነው መኪና ላይ ታናሽ ወንድማቸው ሰይድ ዘሎ ሲወጣ አየሁ። ጋሽ አደም ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አንሾካሸኩለት፤ መኪናው ሄደ።

አገሬን አውቃታለሁ። መርዶ ለመንገደኛ መንገድ ላይ አይነገርም። ያበሉታል፣ ያሳድሩታል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ሰብስበው ያረዱታል።

ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ አቀረቡልኝ። «ብላ፣ ብላ» ይሉኝና ዞር ብለው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሰው ሲንከባከበኝ የከፋኝ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ፣ ሲነጋጋ

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ አደም፣ ከእሳቸው ኋላ አንድ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ፣ ከሁሉም ኋላ መስቀላቸውን የያዙ ቄስ። ሙስሊም ቤት በዚህ ሰዓት ቄስ ምን ያመጣዋል? ሳይቀመጡ መሬት ላይ ተደፋሁ።

«አትድከሙ፤ ገብቶኛል። መቼ ነው የሞተችው?»

«ማን?» አሉ ቄሱ።

«እናቴ ናታ!»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሽ አደም ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «ወላሂ፣ ልጁን ገደልነው! እናትህ አለች እኮ! የሞትከው አንተ ነህ!»

ከዚያ ተቀባብለው አስረዱኝ። ከግንባር የተመለሰ ወታደር «ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» ስላለ ተለቅሶልኛል፤ ተዝካሬም ወጥቷል። እናቴ ልቧ ታማሚ ነው። ድንገት ደጃፏ ላይ ብቆም ደንግጣ እንዳትቀር ፈርተው፣ መኖሬን ቀስ አድርጎ እንዲነግራት ሰይድን ላኩት። እሱም ሌሊቱን በጫት መኪና ተመልሶ «ሰምታለች፣ ደህና ናት» አለ።

«ታዲያ ለእኔ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ብንነግርህ በእግርህ ትሄድ ነበር» አሉ ጋሽ አደም።

እውነታቸውን ነው። እሄድ ነበር።

«እርስዎስ፣ አባ?» አልኳቸው ቄሱን።

«ተዝካርህን በልቻለሁ፤ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ ከሰይድ ጋር ከገለምሶ መጣሁ» አሉኝና መስቀሉን አሳለሙኝ። ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።

በዴሳ፣ ረፋዱ ላይ

ሽማግሌዎቹ ሁሉ አብረውኝ ተሳፈሩ፤ ማለዳ ከገለምሶ በተመለሰው በዚያው በትናንቱ ላንድሮቨር። ገለምሶ ግን አልደረስንም። በዴሳ መግቢያ ላይ ሰው መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። እናቴ ቤቷ ተቀምጣ መጠበቅ አልሆነላትም፤ ሌሊቱን እስከዚህ በሚመጣ መኪና ተሳፍራ መጥታለች። ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። አንሳለች።

«እማዬ» አልኳት።

ፊቴን፣ ትከሻዬን፣ እጄን በየተራ ዳበሰችኝ። ከዚያ የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

«ከል አውልቂ እያሉ በየዓመቱ ሽማግሌ ይልኩብኝ ነበር። ለማንም እሺ አላልኩም። አሁን ባለቤቱ መጥቷል። አንተው አውልቅልኝ፣ ልጄ።»

አወለቅኩላት። እትዬ ፋጡማ ጠዋት በብብቴ ያስያዙኝን ነጭ ነጠላ አለበስኳት። እልልታው መንደሩን ሞላው። ያን ቀን ያመሰገንኩትን ያህል ከዚያ በፊትም በኋላም አላመሰገንኩም፤ እግዜርን፣ ሾፌሩን፣ የሆጃዋን ሴት፣ እነዚያን አስጨናቂ ሽማግሌዎች።

ጋሽ አደም ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ የመኪናውን በር ከፈቱ።

«በሉ ተሳፈሩ፣ ወደ ቤታችሁ» አሉ። «ዛሬ ፍሬኑ ደህና ነው።»